ከአራስ ቤት በኋላ፦ የምታጠባ እናት ማዕድ

በአማራ ክልል ገጠር አንዲት እናት በሰላም ስትገላገል ጎረቤቱ “እንኳን ማርያም ማረችሽ” እያለ ይገባል። ገንፎው ይገነፋል፤ ቅቤው ይነጠራል፤ አጥሚቱ ከምድጃ አይወርድም። ያለው ዶሮ ያርዳል፤ የሌለውም ተበድሮ ቢሆን የአራሷን ጓዳ አያጎድልም። በክርስቲያኑ ቤት ይህ እንክብካቤ ለወንድ ልጅ እስከ 40፣ ለሴት ልጅ እስከ 80 ቀን፣ ክርስትና እስኪነሳ ድረስ ይዘልቃል። በሙስሊሙም ቤት የአራስነት ጊዜ እስከ 40 ቀን ይቆጠራል።

ከዚያ በኋላ ጠያቂው ይቀንሳል፤ የቅቤው ቅል ይከደናል፤ እንቁላሉም ወደ ገበያ ይወጣል። እናቲቱ ልጇን አዝላ ወደ ወንዝ፣ ወደ ወፍጮ ቤትና ወደ ማሳ ትመለሳለች። ጡት ማጥባቱ ግን ገና መጀመሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሕጻን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲጀምር፣ እስከ 6 ወር ያለ ውኃ እንኳ የእናት ጡት ወተት ብቻ እንዲመገብ፣ ከዚያም ተጨማሪ ምግብ እየተሰጠው እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ እንዲጠባ ይመክራል። ሁለት ዓመት 730 ቀን ነው። የአራስ ቤቱ ማዕድ የሚሸፍነው ከዚህ 40ውን ወይም 80ውን ብቻ ነው። የእናቲቱ ጤና የሚፈተነው በቀሪዎቹ ከ600 በላይ ቀናት ነው።

ፈተናው የሚከፋበት ወቅትም አለ። የዓለም የጡት ማጥባት ሳምንት በየዓመቱ ከሐምሌ 25 እስከ ነሐሴ 1 ይከበራል። ይህ ሳምንት በደጋውና በወይና ደጋው አርሶ አደር ዘንድ ያለፈው ምርት ከጎተራ የሚያልቅበት፣ አዲሱ ገና ያልደረሰበት፣ የአረም ሥራ የሚበረታበትና ጾመ ፍልሰታ የሚገባበት ወቅት ነው። ስለ ጡት ማጥባት በብዛት የሚነገርበት ሳምንት እናቲቱ ብዙ የምትሠራበትና ጥቂት የምትመገብበት ሳምንት ሆኖ ይገኛል።

ወተቱ ከምን ይሠራል?

ልጇን ጡት ብቻ የምታጠባ እናት በቀን በአማካይ ሦስት አራተኛ ሊትር ያህል ወተት ታመርታለች። ይህን ለማምረት ሰውነቷ ከወትሮው በላይ በቀን እስከ 500 ኪሎ ካሎሪ የሚደርስ ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል። የተወሰነው በእርግዝና ወራት ካጠራቀመችው ስብ ሊገኝ ይችላል። በእርግዝናዋ በቂ ምግብ ያላገኘች እናት ግን የምትመዘው ስንቅ የላትም። በኢትዮጵያ የሥርዓተ ምግብ መመሪያ ነፍሰ ጡር እናት ከመደበኛው ገበታ ሌላ በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ፣ የምታጠባ እናት ደግሞ ሁለት ተጨማሪ ምግብ እንድትመገብ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው የሚያስበው በተቃራኒው ነው፤ እርጉዟ ከምታጠባዋ የበለጠ መብላት ያለባት ይመስለዋል።

የወተት ላም ያለው አርሶ አደር ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ላሟ ስትወልድ ከግጦሹ ሌላ ድርቆሽ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ ይጨመርላታል። የምትታለብ ላም በደረቅ ጊዜ ቀለብ እንደማትመሠርት፣ ያለ ተጨማሪ መኖ ብትታለብ ሥጋዋ እንደሚያልቅ ያውቃል። ይህን ዕውቀት በበረት ይዞ በቤት የሚዘነጋ አባወራ ጥቂት አይደለም።

የሰው ወተት ግን ችግሩን የሚደብቅ ጠባይ አለው። ላም መኖ ሲጎድልባት ወተቷ ወዲያው ይቀንሳል። የእናት ሰውነት ግን ለልጁ ስለሚያደላ፣ እናቲቱ መጠነኛ የምግብ እጥረት ቢኖርባትም የወተቷ መጠን ብዙም አይቀንስም። በወተቱ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ ካልሲየምና ብረትም በየዕለቱ በምትበላው ምግብ ብዙ አይለዋወጥም። ካልሲየም ከገበታዋ ቢጎድል ሰውነቷ ከአጥንቷ ያወጣል። ሕጻኑ ሲወፍር እናቲቱ ልትከሳ፣ ልትደክምና ደም ሊያንሳት ይችላል። “ልጁ ደህና ነው፤ ወተቷም አልነጠፈም” የሚለው ማጽናኛ ስለ እናቲቱ ጤና የሚናገረው ነገር የለም።

ሌሎች ንጥረ ነገሮች ደግሞ እናቲቱ ካልተመገበቻቸው ከወተቱም ይጎድላሉ። ከእነዚህ መካከል ቫይታሚን ኤ፣ በርካታዎቹ የቫይታሚን ቢ ዓይነቶች፣ በተለይም ቢ12፣ እንዲሁም አዮዲን ይገኙበታል። በወተቱ ውስጥ የሚኖረው የስብ ዓይነትም እናቲቱ ከምትመገበው ቅባት ጋር ይሄዳል። እነዚህ ለሕጻኑ ዓይን፣ ለደሙና ለአንጎሉ ዕድገት የሚያስፈልጉ ናቸው። እናቲቱን መመገብ ልጁንም መመገብ ነው የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ክልሉ ያለበት ሁኔታ

በ2008 ዓ.ም (በአውሮፓውያኑ 2016) የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳመለከተው በሀገር አቀፍ ደረጃ ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕጻናት 38 በመቶው የመቀንጨር ችግር ነበረባቸው። በአማራ ክልል አኀዙ 46 በመቶ ሲሆን ከሀገሪቱ ክልሎች ከፍተኛው ነበር። ይኸው ዳሰሳ በሀገር አቀፍ ደረጃ ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች 24 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው፣ 22 በመቶ የሚሆኑትም ክብደታቸው ለቁመታቸው ከሚገባው በታች እንደሆነ አሳይቷል።

መንግሥት ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕጻናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር በአውሮፓውያኑ 2030 ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም የገባው ቃል ኪዳን “የሰቆጣ ቃል ኪዳን” መባሉ፣ ስሙን ከዋግ ኽምራዋ ከተማ መውሰዱም ያለ ምክንያት አይደለም። መቀንጨር በአብዛኛው የሚከሰተው ከጽንስ እስከ ሁለተኛ ዓመት ባሉት 1 ሺህ ቀናት ውስጥ ነው። ከእነዚህ ቀናት ከሁለት ሦስተኛው በላይ የሚሆኑት የጡት ማጥቢያ ቀናት ናቸው።

ከማሳ የሚገኘው፦ እህልና ጥራጥሬ

ጤፍ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ ስንዴ፣ ማሽላና ዳጉሳ ኃይል ሰጪ የሆኑ የክልሉ ዋና ምግቦች ናቸው። እንጀራ የሚጋገርበት ሊጥ መቦካቱ ለጤና ጥቅም አለው። በእህል ውስጥ ብረትንና ዚንክን ይዞ ወደ ደም እንዳይገቡ የሚያደርግ ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር አለ፤ ሊጡ ሲቦካ መጠኑ ይቀንሳል። ጥራጥሬን ማብቀል ወይም ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋትም ተመሳሳይ ጥቅም አለው።

እህል ብቻውን ግን የተሟላ ፕሮቲን አይሰጥም። እህል የሚያንሰው ላይሲን የተባለ የፕሮቲን ክፍል በባቄላ፣ በአተር፣ በምስርና በሽምብራ በብዛት ይገኛል። ጥራጥሬ የሚያንሰውን ደግሞ እህል ይሞላል። ስለዚህ እንጀራ በሽሮ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ያሟላል። ችግሩ ሽሮው በጣም ሲቀጥን ነው። የምታጠባ እናት ሽሮዋ ወፈር ያለ፣ ወጧም ለእንጀራው የሚበቃ ሊሆን ይገባል። ለአጥሚት፣ ለገንፎና ለበሶ ዱቄት ሲዘጋጅ ለሦስት እጅ እህል አንድ እጅ ጥራጥሬ አብሮ ማስፈጨት ዋጋው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

በእህልና በጥራጥሬ በኩል ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። የመጀመሪያው ስለ ጓያ ነው። ድርቅን የሚቋቋመው ጓያ በክልሉ በብዛት ይዘራል፤ ነገር ግን ለሳምንታትና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን የማይድን የእግር ሽባነት የሚያስከትል መርዛማ ንጥረ ነገር አለው። በችግር ጊዜ ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ መጠኑን ማሳነስ፣ ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት ጉዳቱን ይቀንሳል፤ የእናት ዕለታዊ ምግብ ግን ሊሆን አይገባም። ሁለተኛው ስለ ሻጋታ ነው። ሳይደርቁ የተከማቹ በቆሎና ኦቾሎኒ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ የሚያመነጭ ሻጋታ ያወጣሉ። መርዙ እናቲቱን ከመጉዳት አልፎ በጡት ወተት ወደ ሕጻኑ ይተላለፋል፤ በመቀቀልም ሆነ በመቁላት አይጠፋም። ምርትን በደንብ አድርቆ ማስገባትና የሻገተውን ለቅሞ መጣል ይገባል። ሦስተኛው፣ ለዘር ተብሎ በመድኃኒት የታሸ እህል ቢታጠብም ለምግብ አይሆንም።

ከጓሮ የሚገኘው፦ ቅጠልና ፍሬ

ክረምት ጎተራውን ሲያጎድል ጓሮውን ያለመልማል። ሐበሻ ጎመን፣ ቆስጣ፣ በየማሳው ዳር የሚበቅለው አሉማና በደጋው የሚቀቀለው ሳማ ለእናት ቫይታሚን ኤ፣ ፎሌት፣ ብረትና ካልሲየም ይሰጣሉ። በብዙ ቤት ግን ጎመን “የችግር ጊዜ ወጥ” ተብሎ ይናቃል። እንግዳ ሲመጣ ይደበቃል፤ ምርት ሲገባ ይረሳል። ከሥርዓተ ምግብ አንጻር ሲታይ ጎመን ከማዕዱ ፈጽሞ ሊጠፋ የማይገባው ነው።

የጎመንን ጥቅም የሚጨምሩ ሦስት ልማዶች አሉ። አንደኛ፣ ብዙ ሳይቀቀል በትንሽ ውኃ ማብሰል ነው፤ የተቀቀለበትን ውኃ መድፋት ቫይታሚኑን መድፋት ነው። ሁለተኛ፣ ዘይት ወይም ቅቤ ጣል ማድረግ ነው፤ ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት ወደ ሰውነት በሚገባ አይገባም። ሦስተኛ፣ ሎሚ መጭመቅ ወይም ቃሪያና ቲማቲም አብሮ መብላት ነው፤ በእነዚህ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ በቅጠልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል።

ከቅጠሉ ሌላ ዱባ፣ ካሮት፣ ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች፣ ማንጎና ፓፓያ የቫይታሚን ኤ ምንጮች ናቸው። ጥቂት ክንድ ስፋት ያለው የጓሮ መደብ፣ በእቃ ማጠቢያ ውኃ እየጠጣ በበጋም ጎመንና ቆስጣ ሊሰጥ ይችላል። ሳሙና የበዛበት ውኃ ግን ለአትክልት አይሆንም። ጓሮው ለእናት እንዲሆን ታስቦ ሲተከል፣ ከቤቱ ደጃፍ ሲቀርብና ከዶሮና ከፍየል ሲታጠር ውጤቱ ይሻላል።

እንቁላሉ ወዴት ይሄዳል?

በገጠር ቤት ዶሮና እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ በሴቷ እጅ ያሉ ንብረቶች ናቸው። ጨው፣ ሳሙና፣ ደብተርና የወፍጮ ክፍያ የሚሸፈነው ከእንቁላል ሽያጭ ነው። ስለዚህ “እንቁላል ብዪ” የሚለው ምክር ለብዙ እናት “የልጅሽን ደብተር ብዪ” እንደማለት ሆኖ ይሰማታል። ምክሩ ፍሬ እንዲያፈራ ይህን እውነት ከግምት ማስገባት ይኖርበታል።

አንድ እንቁላል በግምት 6 ግራም ጥራት ያለው ፕሮቲን፣ ቫይታሚን ኤና ቢ12፣ እንዲሁም ለሕጻኑ አንጎል ዕድገት የሚጠቅም ኮሊን የተባለ ንጥረ ነገር አለው። ለገበያ ከሚወጣው ላይ በሳምንት ሦስትና አራት እንቁላል ለምታጠባ እናት እንዲቀር በቤተሰብ ደረጃ መወሰን ይቻላል። ውሳኔው የባልና የሚስት ሲሆን ይጸናል፤ ለእሷ ብቻ ሲተው ግን አብዛኛዋ እናት ለራሷ አታስቀርም።

ወተት፣ እርጎና አይብ ለካልሲየምና ለቢ12 ተመራጭ ናቸው። ቅቤ ቫይታሚን ኤና ኃይል ይሰጣል። ወተት ሳይፈላ መጠጣት ግን እንደ ብሩሴሎሲስና የሳንባ ነቀርሳ ያሉ በሽታዎችን ከከብት ወደ ሰው ሊያስተላልፍ ስለሚችል አፍልቶ መጠቀም ያስፈልጋል። ሥጋና ጉበት በተገኘ ጊዜ ለእናት ቅድሚያ ቢሰጥ ለደም ማነስ ይረዳል፤ በሥጋ ውስጥ ያለው ብረት በእህልና በቅጠል ካለው ይልቅ በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። በጣና ሐይቅ ዙሪያ ላሉ ቤተሰቦች ደግሞ ዓሣ ፕሮቲንና ጠቃሚ ቅባት የሚያገኙበት ቅርብ ምግብ ነው።

ስለ ቅቤ አንድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። በአንዳንድ አካባቢዎች ለአዲስ የተወለደ ሕጻን ቅቤ የማላስ ልማድ አለ። እስከ 6 ወር ለሕጻኑ ከጡት በቀር ቅቤም፣ ውኃም፣ የጤና አዳም ጭማቂም አያስፈልገውም፤ ለተቅማጥና ለኢንፌክሽን ያጋልጠዋል። እንገር የሚባለው የመጀመሪያው ቢጫ ወተትም በሽታ ተከላካይ ስለሆነ ታልቦ መደፋት የለበትም። ቅቤው ለእናቲቱ ገንፎ ይሁን፤ እንገሩ ለልጁ ይሁን።

ጨው በቁንጥጫ፣ ጥቅሙ በጎተራ

የምታጠባ እናት በቀን 250 ማይክሮ ግራም አዮዲን እንድታገኝ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ከባሕር የራቁና ለረጅም ዘመን በጎርፍ የታጠቡ የደጋ መሬቶች አዮዲናቸው አነስተኛ በመሆኑ በእነዚህ አካባቢዎች እንቅርት ሲታይ ኖሯል። የአዮዲን እጥረት ከእንቅርት ባሻገር የሕጻናትን የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። በኢትዮጵያ ለምግብነት የሚውል ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ በ2003 ዓ.ም ወጥቷል።

ይሁን እንጂ አዮዲን በሙቀት፣ በፀሐይና በእርጥበት ይቀንሳል። ጨዉን ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ከምድጃ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ፣ ወጡ ሊወጣ ሲል መጨረሻ ላይ መጨመር፣ ሲገዛም አዮዲን ያለው መሆኑን ከማሸጊያው ላይ ማረጋገጥ ይገባል። የአሞሌና የጥሬ ጨው ልማድ ባለበት አካባቢ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል።

በጾም ወቅት

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ዐቢይ ጾም 55፣ ጾመ ፍልሰታ 15 ቀን ይጾማል። ረቡዕና ዓርብ፣ ሌሎቹም አጽዋማት ሲታከሉ ከእንስሳት ተዋጽኦ የሚታቀቡባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። በምታጠባ እናት ላይ ጾሙ በሁለት በኩል ይከብዳል፤ ምግቡ እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይዘገያል፣ በእንስሳት ተዋጽኦ ውስጥ ብቻ የሚገኘው ቫይታሚን ቢ12ም ከገበታው ይጠፋል።

የምታጠባ እናት ሁኔታዋን ለንስሐ አባቷ አስረድታ ምክርና ፈቃድ መጠየቅ ትችላለች። በእስልምናም የምታጠባ ሴት ለራሷ ወይም ለልጇ ጤና ከሰጋች የረመዳንን ጾም ትታ በሌላ ጊዜ መክፈል እንደምትችል ሃይማኖቱ ይፈቅዳል። የጤና ባለሙያና የሃይማኖት አባት በአንድ ቃል ሲናገሩ እናቶች ያለ ጸጸት ይመገባሉ።

ጾሙን ለመጾም የወሰነች እናት ቢያንስ ቁጥሩ ያልተቀነሰ፣ ጥራጥሬና ቅባት የበዛበት ምግብ ያስፈልጋታል። ቶሎ መጀመር ካልተቻለ ጾሙ ከተፈታ በኋላ እስከ መኝታ ድረስ ደጋግሞ መመገብ ይገባል። የሱፍ ፍትፍት፣ የተልባ መጠጥ፣ ወፍራም ሽሮ፣ አዚፋ፣ ጎመን በኑግ ዘይት፣ ኦቾሎኒና ሽምብራ የተቀላቀለበት ቆሎ የጾም ገበታን ያበለጽጋሉ። ተልባ ኦሜጋ 3 ከሚባለው የቅባት ዓይነት የሚመደብ ንጥረ ነገር በብዛት ስላለው ጥቅሙ የጎላ ነው፤ ተቆልቶና ተፈጭቶ ሲወሰድ ሰውነት በተሻለ ይጠቀምበታል። ቢ12ን ግን ከእነዚህ ማግኘት ስለማይቻል ጾም በማይኖርባቸው ቀናት እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ መመገብ ያስፈልጋል።

ስለ አብሽ፣ ጠላና ቡና

ወተት ይጨምራሉ ተብለው የሚሰጡ ብዙ ነገሮች አሉ። አብሽ ከጥንት ጀምሮ ለአራስ የሚሰጥ ነው፤ ወተት ስለመጨመሩ የተደረጉት ጥናቶች ግን ተመሳሳይ ውጤት አላሳዩም። በመጠኑ በምግብ ውስጥ መውሰድ አብዛኛዋን እናት አይጎዳም፤ የደም ስኳርን ሊቀንስ ስለሚችል የስኳር ሕመም መድኃኒት የምትወስድ እናት ግን ሐኪሟን ልታማክር ይገባል። የአጃና የገብስ አጥሚት ኃይልና ፈሳሽ በአንድነት ይሰጣል።

ወተትን በእርግጥ የሚጨምረው የሕጻኑ መጥባት ነው። ሕጻኑ ሲጠባ ከአንጎል ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ወተት እንዲመረት፣ ኦክሲቶሲን የተባለው ደግሞ እንዲወርድ ያዛሉ። ጡት በተደጋጋሚ ሲጠባና ሲጎድል ብዙ ያመርታል፤ ሞልቶ ሲቆይ ምርቱ ይቀንሳል። በቀንና በሌሊት 8 ጊዜና ከዚያ በላይ ማጥባት፣ ሕጻኑ ጡቱን በደንብ መያዙን ማረጋገጥ፣ እናቲቱም ዕረፍትና መረጋጋት እንዲኖራት ማድረግ ከማናቸውም ቅመም ይበልጣል።

ጠላና ጠጅ ወተት ያወርዳሉ የሚለው እምነት ትክክል አይደለም። አልኮል ወደ ጡት ወተት ይገባል፤ ወተቱ እንዲወርድ የሚያደርገውን ሆርሞንም ያዳክማል። የተሻለው አለመጠጣት ነው። በበዓል ጥቂት የቀመሰች እናትም ቢያንስ ሁለት ሰዓት ሳያልፍ ባታጠባ ይመረጣል፤ መጠኑ ከጨመረ የመቆያው ጊዜም ይረዝማል። አረቄ ደግሞ ፈጽሞ ሊወሰድ አይገባም።

ቡና በቀን ከሁለት እስከ ሦስት ስኒ ቢጠጣ ለአብዛኞቹ ሕጻናት ችግር አያመጣም፤ ሲበዛ ግን ሕጻኑን እንቅልፍ ሊነሳው ይችላል። ሌላው ጉዳይ ሰዓቱ ነው። ቡናና ሻይ በምግብ ውስጥ ያለውን ብረት ስለሚይዙ ከምግብ ጋር ሳይሆን አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት ደም ማነስን ለመከላከል ይረዳል።

ከጡት ወተት 87 በመቶ ያህሉ ውኃ በመሆኑ እናቲቱ ቶሎ ቶሎ ትጠማለች። ባጠባች ቁጥር አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ መጠጣት መልካም ልማድ ነው። ከጥም በላይ መጠጣት ግን ወተት አይጨምርም።

አንድ ቀን በምታጠባ እናት ገበታ

የሚከተለው በአርሶ አደር ቤት በሚገኙ ምግቦች የተዘጋጀ የአንድ ቀን አብነት ነው። ሦስቱ መደበኛ፣ ሁለቱ ተጨማሪ ምግቦች ናቸው።

ማለዳ፦ ቂንጬ ወይም ገንፎ በቅቤ፣ የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ እንቁላል። በጾም ቀን ቂንጬው በኑግ ዘይት፣ ከተልባ ጋር።

ረፋድ፣ ተጨማሪ ምግብ፦ አንድ እፍኝ የገብስ፣ የሽምብራና የኦቾሎኒ ቆሎ፣ ወይም በሶ። ማሳ ለምትወጣ እናት ይህ በቋጠሮ የሚያዝ ነው።

ምሳ፦ እንጀራ በምስር ወይም በወፍራም ሽሮ፣ ጎመን በዘይት፣ ቃሪያና ቲማቲም።

ከሰዓት፣ ተጨማሪ ምግብ፦ የተቀቀለ ድንች፣ ስኳር ድንች ወይም ዱባ ከእርጎ ወይም ከወተት ጋር፤ በጾም ከአዚፋ ጋር። ማንጎ ወይም ፓፓያ ከተገኘ አብሮ ይበላል።

ራት፦ እንጀራ ወይም ዳቦ በአተር ክክ፣ ሲገኝ በሥጋ፣ በዓሣ ወይም በአይብ። ከመኝታ በፊት አንድ ኩባያ አጥሚት፣ ለሌሊቱ ማጥባት ያግዛል።

ሁሉም በአንድ ቀን ባይሟላ ከሁለት ነገሮች መጀመር ይቻላል፦ የምግቡን ቁጥር ከሦስት ወደ አምስት ከፍ ማድረግና በየዕለቱ አንድ ጥራጥሬና አንድ ቅጠል እንዳይጎድል ማድረግ።

የቤተሰቡ ድርሻ

የተቀጠረች ሴት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አላት። የገጠሯ እናት ግን ፈቃድ የሚሰጣት አዋጅ ሳይሆን ቤተሰቧ ነው። ውኃ በአህያ የሚቀዳላት፣ እንጨት የሚለቀምላት፣ በአረም ወቅት በወንፈል የምትተካ እናት ኃይሏ ለወተቷ ይተርፋል። እህል ከሩቅ ወፍጮ ቤት ተሸክማ የምትመለስ እናት የጨመረችውን ምግብ በመንገድ ትጨርሰዋለች።

የገበታ ቅደም ተከተልም ሊታይ ይገባል። በብዙ ቤት አባት፣ እንግዳና ልጆች ቀድመው ይበላሉ፤ እናት የተረፈውን ትበላለች። የእሷን ድርሻ አስቀድሞ ማውጣት ወይም በአንድ መሶብ አብሮ መብላት ያለ ምንም ወጪ የሚደረግ ለውጥ ነው። አማቶችና አያቶች ምግብ በማዘጋጀትና “አሁን ብዪ፣ ሥራው ይደርሳል” በማለት ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ከአንዱ ልጅ መወለድ እስከ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ 24 ወራት እንዲቆይ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ሰውነት የከፈለውን ብረት፣ ካልሲየምና ፎሌት መልሶ ለመተካት ጊዜ ይፈልጋል። የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት ስለዚህ የእናት ምግብ አካል ተደርጎ ሊታይ ይችላል።

ወደ ጤና ተቋም መቼ?

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች የምታጠባን እናት የክንድ ዙሪያ በመለካት ያለችበትን ሁኔታ ይለያሉ። ልኬቱ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ የምግብ እጥረት እንዳለባት ያመለክታል፤ ክትትልና እንደሁኔታው ድጋፍ ያስፈልጋታል። የደም ማነስ በተስፋፋበት አካባቢ ከወሊድ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሳምንት የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል መውሰድ በዓለም ጤና ድርጅት ይመከራል፤ እንክብሉ በጤና ባለሙያ ትእዛዝ ይወሰዳል።

ዓይኗና ምላሷ የነጣ፣ ጥቂት ተራምዳ የምትደክም፣ የማዞርና የልብ ምት መፍጠን ያለባት፣ ያለማቋረጥ የምትከሳ፣ በዳፍንት ምክንያት ሲመሽ ማየት የሚያስቸግራት ወይም ጡቷ ቀልቶና አብጦ ትኩሳት ያለባት እናት ጊዜ ሳትሰጥ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት። የሕጻኑ ሽንት ማነስና ክብደት አለመጨመርም የባለሙያ ምክር የሚጠይቁ ናቸው።

የአራስ ቤት ባሕል ለእናት ምን እንደሚያስፈልጋት አስቀድሞ ያውቃል። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ተልባው፣ ቅቤውና እንቁላሉ በሥርዓተ ምግብ ሳይንስም የሚደገፉ ናቸው። የጎደለው ዕድሜው ነው። የክርስትናው ድግስ ካለቀ በኋላ የእናቲቱ ገንፎ በመጠኑም ቢሆን ከቀጠለ፣ ከሚሸጠው እንቁላል ጥቂቱ ከቤት ከቀረ፣ ጓሮውም በክረምትና በበጋ ጎመን ካላጣ፣ ልጁ ጡት ሲተው እናቱም በጤናዋ ትገኛለች።